ሰው የሞተበት ቦታ ላይ አበባና ሻማ የሚቀመጠው ለማን ነው?

ጠያቂው

ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ ነገር ሲከነክነኝ ሰንብቷል።

መኪና ሰው የገጨበት መታጠፊያ፣ ተኩስ የተከፈተበት ትምህርት ቤት በር፣ እሳት የበላው ሕንፃ አጥር። እነዚህ ቦታዎች ላይ ሰዎች አበባ ያስቀምጣሉ። ሻማ ያበራሉ፣ መስቀል ይተክላሉ፣ ፎቶ ይለጥፋሉ፣ የልጅ አሻንጉሊት ያስራሉ። ያዘዛቸው የለም። ቄስ የለ፣ ኢማም የለ፣ የፈቃድ ወረቀት የለ። ብዙ አገር ያለ ነገር ነው።

አስከሬኑ ግን እዚያ የለም። መቃብሩ ሌላ ቦታ ነው። ታዲያ ያ ሁሉ ነገር ለማን ነው የሚቀመጠው? ለሟች? ለፈጣሪ? ወይስ ለሚያልፈው ሰው? እምነት አለበት ወይስ ሐዘን ብቻ ነው?

የሚገርመኝ ካርዶቹ ላይ የሚጻፈው ነው። "ጥሩ ሰው ነበረች" የሚል ጥቂት ነው። "ናፍቀሽናል"፣ "እዚያ ሆነሽ ጠብቂን" ነው የሚበዛው። ሟቿን ነው የሚያናግሯት። ሃይማኖት የለኝም የሚለው ሰው ሳይቀር እንደዚያ ይጽፋል።

ዓመት ስትጠቅሱ በፈረንጅ ይሁን፣ እንዳንምታታ።

ባሕረኛው

ጥሩ ጥያቄ ነው ያነሣኸው። እኔ ወጣት ሳለሁ መርከብ ላይ ሠርቻለሁ። ወደብ ስንደርስ መጠጥ ቤት ከመቀመጥ ወደ መሀል አገር ወጣ ብሎ ማየት ይቀናኝ ነበር።

ግሪክ ውስጥ መንገድ ዳር ትንንሽ ሳጥኖች ታያለህ። በብረት እግር የቆመች ሚጢጢ ቤተ ክርስቲያን ይመስላሉ። የመስታወት በር አላቸው። ውስጣቸው የቅዱሳን ሥዕል፣ የዘይት መብራት፣ አንዳንዴም የሟች ፎቶ አለ። ሁሉም ግን ሰው ሞቶባቸው የቆሙ አይደሉም። ከአደጋ የተረፈ ሰውም ለምስጋና ያቆማል። ከመኪና መስኮት አይተህ የትኛው ሐዘን፣ የትኛው ስለት እንደሆነ መለየት አትችልም።

ቺሌ ስትሄድ ደግሞ አኒሚታ የሚሏት አለች። ሰው በድንገት ወይም በግፍ የሞተበት ቦታ ላይ የምትሠራ ትንሽ ቤት ናት። የሕዝቡ እምነት እንዲህ ነው፦ ሳይዘጋጅ የተቀጠፈ ሰው ነፍሱ ቶሎ አትሄድም፣ እዚያው አካባቢ ትቆያለች። ሥጋው መቃብር፣ ነፍሱ መንገድ ዳር። ነፍሱ እዚያ ካለች ደግሞ ትለመናለች። ሳንቲያጎ ከተማ፣ ማዕከላዊው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሮሙዋልዲቶ የሚባል ሟች አለ። ግድግዳው "ስላደረግህልኝ አመሰግናለሁ" በሚሉ ትንንሽ ሰሌዳዎች ተሸፍኗል። ቅዱስ ብሎ የሾመው የለም። ሰዉ ነው የሾመው።

አርጀንቲና፣ ሳን ሁዋን ክፍለ ሀገር፣ ቫዬሲቶ የሚባል ቦታ ደግሞ ዲፉንታ ኮሬያ አለች። በ1840ዎቹ ባሏን ፍለጋ በረሃ ገብታ በውሃ ጥም ሞተች፣ ሕፃኗ ግን ጡቷን እየጠባ በሕይወት ተገኘ ይባላል። አፈ ታሪክ ነው። ሾፌሮች ግን እስከ ዛሬ ውሃ የሞላ ጠርሙስ እያስቀመጡላት ያልፋሉ። በየመንገዱ ዳር የሷ ማስታወሻ አለ፣ ጠርሙሱም ክምር ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቅድስት ብላ አላወቀቻትም። ሕዝቡም ፈቃድ አልጠበቀም።

ቃል_ብቻ

ባሕረኛው ሲጽፉ ደስ ይላሉ፤ ግን እኔን የሚያስፈራኝ ይሄው ራሱ ነው። በአበባ ይጀመራል፣ ሙታንን በመለመን ያልቃል።

አልቅሱ፣ ማንም አይከለክልም። አልዓዛር ሲሞት ኢየሱስም አልቅሷል። ግን ሟችን "ጠብቂን" ማለት ከየት የመጣ ነው? መክብብ 9፥5 "ሙታን ግን አንዳች አያውቁም" ይላል። የማይሰማን ሰው ማነጋገር ለሐዘንተኛውም አይበጅም። ሐዘኑን አንድ ቦታ ላይ ይቸክለዋል።

ጠያቂው

@ቃል_ብቻ እሺ። ግን ካርድ ላይ "ጠብቂን" ብላ የጻፈች የ15 ዓመት ልጅ ሥነ መለኮት እየጻፈች ነው ብለህ ታስባለህ?

ቃል_ብቻ

እሷ አይመስላትም። ግን ሰው ሳያስብ የሚናገረው ነው እውነተኛ እምነቱ። በቃለ መጠይቅ "ከሞት በኋላ ሕይወት አለ?" ብትላት "እንጃ" ትልሃለች። ጓደኛዋ የሞተችበት አጥር ጋ ስትቆም ግን መልሱ ከእጇ ይወጣል። እኔ የምቃወመው ባዶ ስለሆነ አይደለም። ባዶ ስላልሆነ ነው።

ጠያቂው

ሃሃ፣ ለኔ ነው እኮ የተከራከርክልኝ።

ኑር_ሐ

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ።

በኛ በኩል ነገሩ ጠበቅ ያለ ነው። መቃብርን በኖራ መለሰንና በላዩ ላይ መገንባትን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንደከለከሉ ሰሒሕ ሙስሊም በሚባለው የሐዲስ መጽሐፍ ተዘግቧል። ሐዘን መቀመጥም ወሰን አለው፤ ሦስት ቀን። ባሏ የሞተባት ሴት ናት አራት ወር ከአሥር ቀን የምትጠብቀው። ለሟች ይደርሰዋል የምንለው ዱዓ ነው፤ በስሙ የሚሰጥ ሶደቃ (ምጽዋት) ነው። ስለዚህ ብዙ ሙስሊም ቤተሰብ አበባ ከሚያስቀምጥ ውሃ ያስቆፍራል። ያም መታሰቢያ ነው፣ የሚታየው ግን ሌላ መልክ ይዞ ነው።

ቢሆንም የክራይስትቸርቹን እዩ። ማርች 15 ቀን 2019 ኒውዚላንድ ውስጥ በጁምዓ ቀን ሁለት መስጊዶች ላይ 51 ሰው ተገደለ። የከተማው የዕፅዋት መናፈሻ አጥር ሥር አበባ እንደ ግድግዳ ተከመረ። ያስቀመጡት አብዛኞቹ ሙስሊም አይደሉም። ተማሪዎች መጥተው ሃካን፣ የአገሬው ነባር ሕዝብ የማኦሪዎችን ጭፈራ አሳዩ፣ እያለቀሱ። በሸሪዓ ሒሳብ ያ አበባ ለሰማዕታቱ ምንም አይጨምርም። ለተረፉት ግን? ሰው የመጣልህ በሚያውቀው አኳኋን ነው። በርህ ላይ ቆሞ የሚያለቅስን ጎረቤት አኳኋንህን አስተካክል አትለውም።

እና ለጠያቂው መልሴ ይሄ ነው፦ አንዳንዴ አበባው ለሟች አይደለም፣ ለፈጣሪም አይደለም። ለሟቹ ወገኖች ነው።

የሕግ_ሰው

እስቲ እኔ ከሌላ ጎን ልምጣ። መንገድ የመንግሥት ነው። መንግሥት መሬት ላይ መስቀል ሲቆም ጠበቃ ይመጣል።

አሜሪካ፣ ዩታ ግዛት ውስጥ የሆነውን ላውጋችሁ። የአውራ ጎዳና ፖሊሶች ማኅበር በሥራ ላይ ለሞቱ ባልደረቦቹ 12 ጫማ፣ ማለትም ከሦስት ሜትር ተኩል የሚያልፍ ነጭ መስቀል በየመንገዱ አቆመ። ማኅበሩ የግል ነው፣ ቤተሰቦቹም ተስማምተዋል። ግን አንዳንዶቹ በመንግሥት መሬት ላይ ናቸው፣ የፖሊስ መሥሪያ ቤቱ አርማም አለባቸው። አምላክ የለሾች ከሰሱ። በ2010 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት "መንግሥት አንድን ሃይማኖት የደገፈ ያስመስላል" ብሎ ፈረደባቸው። በ2011 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም አለ።

ይህን ያነሣሁት ለፍርዱ አይደለም። የተከሳሾቹ ክርክር ነው ያስደመመኝ። ምን አሉ? መንገድ ዳር ያለ መስቀል የሃይማኖት ምልክት አይደለም፣ የሞት ምልክት ነው አሉ። ሾፌር ሲያየው "እዚህ ሰው ሞቷል" ነው የሚለው እንጂ "ክርስቶስ ተነሥቷል" አይልም አሉ። መስቀሉን ለማትረፍ ብለው ትርጉሙን አወጡለት! እኔ አማኝ ብሆን ከከሳሾቹ ይልቅ በነሱ ነበር የምቀየመው።

በተቃራኒው ደግሞ ነጩን ብስክሌት እዩ። ብስክሌት ጋላቢ የተገጨበት ቦታ ላይ ሙሉ ለሙሉ ነጭ የተቀባ አሮጌ ብስክሌት በሰንሰለት ያስራሉ። በ2003 አሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ ነው የተጀመረው፣ አሁን ብዙ አገር ደርሷል። ሃይማኖት የለበትም፣ መልእክቱም ለሾፌር ነው፦ ቀስ በል። ግን ብስክሌቱ ነጭ መሆኑ፣ ባለቤት የሌለው መሆኑ... በእንግሊዝኛ የሚጠሩት እኮ የመንፈስ ብስክሌት ብለው ነው። ሃይማኖትን በበር አስወጥተው በመስኮት አስገቡት።

ሳምሪ

የኮሎምባይኑን ማንም አላነሣም? 1999፣ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ። ሁለት ተማሪዎች በትምህርት ቤታቸው 13 ሰው ገድለው ራሳቸውን አጠፉ። ከኢሊኖይ የመጣ አንድ አናጢ ትምህርት ቤቱ አጠገብ ኮረብታ ላይ 15 መስቀል ተከለ። አሥራ ሦስት አይደለም፣ 15። ለገዳዮቹም ጭምር።

የአንዱ ሟች አባት መጥቶ ሁለቱን ነቀላቸው።

እኔ እስከ ዛሬ የቱ ጋ እንደምቆም አላውቅም። የአናጢውም ክርስትና ነው፣ የአባትየውም ሐዘን ነው።

ቃል_ብቻ

@ሳምሪ ምሕረት የእግዚአብሔር ነው። ግን የልጁ ደም ሳይደርቅ ምሕረትን አጠገቡ መትከል የአናጢ ሥራ አይደለም። አባትየውን አልፈርድበትም።

ባሕረኛው

እኔም አልፈርድበትም። ነገር ግን ልብ በሉ፦ መቃብር ቦታ ቢሆን ይሄ ጭቅጭቅ አይነሣም። መቃብር ባለቤት አለው፣ ደንብ አለው፣ ማን የት እንደሚተኛ ተወስኖ ያልቃል። መንገድ ዳርና ኮረብታ ላይ ግን የመጣ ሁሉ ካህን ነው። አንዱ ይተክላል፣ አንዱ ይነቅላል። ሃይማኖቱ የሚታየው እዚያ ጭቅጭቅ ውስጥ ነው።

እህቱ

ማንበብ እንጂ መጻፍ አልወድም፣ ግን ይሄ የኔ ጉዳይ ነው።

ወንድሜ መታጠፊያ ላይ ነው የሞተው፣ በሞተር። ፎቶውን፣ የሚወደውን ቡድን ስካርፍና ሻማ እዚያ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። እናቴ ወደ መቃብሩ ነው የምትሄደው። መታጠፊያው ጋ እግሯን አታደርስም። "የገደለውን ቦታ ነው እንዴ የምታስጌጪው?" ትለኛለች። ሁለታችንም አማኞች ነን፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የምንሄደው።

እኔ ግን መቃብሩ ጋ ስቆም ምንም አይመጣልኝም። ስሙ በድንጋይ ላይ አለ፣ የተወለደበትና የሞተበት ቀን ተጽፏል፣ በቃ። እዚያ የሚናገረው ቄሱ ነው። ወንድሜ መቃብር ውስጥ በሕይወት ኖሮ አያውቅም። መታጠፊያው ጋ ግን በሕይወት ነበር። ዘፈን እየሰማ፣ ወደ ቤት እየመጣ ነበር። በመጨረሻ የነበረበት ቦታ ነው።

@ቃል_ብቻ አዎ፣ አናግረዋለሁ። የሰፈር ወሬ ነው የምነግረው። ይሰማኛል ወይ ብትለኝ መልስ የለኝም። ፀሎት ነው ወይ ብትለኝ አይደለም፣ ፀሎቴን ለብቻው ነው የማደርገው። መሀል ላይ ያለ ነገር ነው። ቦታው ላይ ተንበርክኬ አላውቅም። ቁጭ ነው የምለው።

ኑር_ሐ

እህቴ፣ ፈጣሪ ያጽናሽ። እናትሽንም።

ቃል_ብቻ

እህቴ፣ ክርክሬ ከአንቺ ጋር አይደለም። እግዚአብሔር ያጽናሽ።

ጠያቂው

@እህቱ አመሰግናለሁ። ያልሽው ጃፓን ውስጥ ያለውን የስልክ ዳስ አስታወሰኝ። ኦትሱቺ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው። አንድ ሰውዬ በ2010 የአጎቱ ልጅ ሲሞትበት አትክልቱ ውስጥ የስልክ ዳስ አቆመ። ስልኩ ከምንም ጋር አልተገናኘም። ገብቶ ያነሣና ከሟቹ ጋር ያወራል። በዓመቱ፣ ማርች 2011፣ ሱናሚው ያችን ከተማ ደመሰሳት። ከዚያ ሰዎች ከየቦታው መምጣት ጀመሩ። ገብተው ቁጥር ይደውላሉ፣ የቤታቸውን ቁጥር፣ ውሃ የወሰደውን ቤት። ብዙዎቹ አስከሬን ያላገኙ ናቸው። መቃብር የላቸውም።

የት እንደሄደ ላልታወቀ ሰው የሐዘን ሥርዓት ማድረግ ከባድ ነው። ደቡብ ኮሪያ ላይ በ2014 ሴዎል የምትባለው መርከብ ሰጥማ 304 ሰው ሲሞት፣ አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ፣ ወላጆች ወደቡ ላይ ሆነው ሲጠብቁ ቢጫ ሪባን ታሰረ። ልጆቹ የሚወዱት ምግብና አዲስ ጫማ ሳይቀር ወደ ባሕሩ አቅጣጫ ተቀመጠ። ጫማው ለማን ነው? ለሚመለስ ልጅ ነው ወይስ ለሚሄድ? ያስቀመጠችው እናት ራሷ የምትለየው አይመስለኝም። ለዚህ ነው "እምነት ነው ወይስ ሐዘን" ብዬ የጠየቅኩት ጥያቄ አሁን ለኔው ጠባብ የመሰለኝ።

ጽዳት_ሌሊት

እናንተ ስለ ነፍስ ስታወሩ እኔ ስለ ቆሻሻ ላውራ፣ ይቅርታ። የከተማ ጽዳት ላይ ነው የምሠራው። እነዚህን ነገሮች የምናነሣው እኛ ነን።

ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። ትልቅ አደጋ ሲሆን በሁለት ቀን ውስጥ አጥሩ አይታይም። በሳምንቱ አበባው ይበሰብሳል። ፕላስቲክ ውስጥ ስለሆነ ውሃ ይቋጥራል፣ ይሸታል። አሻንጉሊቶቹ ዝናብ ጠጥተው እንደ ድንጋይ ይከብዳሉ። ሻማው ቀልጦ አስፋልቱ ላይ ይጣበቃል፣ ያንሸራትታል፣ ወረቀት ካገኘ ያቃጥላል። ከዚያ አለቃ "ይነሣ" ይላል። በቀን ብናነሣ ሰው ይሰድበናል። ስለዚህ ሌሊት ነው።

እና እምነት የታየኝ ከኛው ሠራተኞች ላይ ነው። ሌላ ጊዜ በአካፋ ዝቀው የሚጥሉ ሰዎች እዚያ ሲሆን በእጃቸው ነው የሚያነሡት። ማንም አላዘዛቸውም። መስቀል ያለበትን ከቆሻሻው ጋር አይቀላቅሉም፣ ሙስሊሙ ባልደረባችንም ጭምር። አንድ ጊዜ አዲስ የመጣ አለቃ ሁሉንም አንድ ላይ መኪናው ላይ ጫኑ አለ። እሺ ያለው የለም። ደብዳቤና ፎቶ በሳጥን ለየን።

የሕግ_ሰው

@ጽዳት_ሌሊት ይሄ የተሰማህ ነገር ሲሰፋ ሙዝየም ይሆናል። ዋሽንግተን የቬትናም መታሰቢያ ግድግዳ በ1982 ሲቆም ሰው ዕቃ ያስቀምጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም። የሞቱ ወታደሮች ስም የተጻፈበት ግድግዳ ብቻ ነው። ሰዉ ግን ሜዳሊያ፣ ጫማ፣ ቢራ፣ ደብዳቤ ማስቀመጥ ጀመረ። የፓርኩ ሠራተኞች መጣል አቃታቸውና ሰበሰቡ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ደርሷል። አበባና የሚበላሽ ነገር ግን ስብስቡ ውስጥ አይገባም።

ኦክላሆማ ሲቲ ደግሞ በ1995 የመንግሥት ሕንፃ ላይ የደረሰው የቦምብ ፍንዳታ 168 ሰው ሲገድል፣ ፍርስራሹን ለመከለል የቆመ የሽቦ አጥር ነበር። ሰው ዕቃ አንጠለጠለበት። ዋናው መታሰቢያ ተሠርቶ ሲያልቅ ከአጥሩ የተወሰነውን ትተውት እስከ ዛሬ ሰው ያንጠለጥልበታል። በሚሊዮን ዶላሮች የተሠራው ሐውልት አጠገብ የሽቦ አጥር!

ሳምሪ

ለንደን ያለውስ? ፓርላማው ፊት ለፊት፣ ወንዙ ማዶ። በ2021 በኮቪድ ሰው የሞተባቸው ቤተሰቦች ፈቃድ ሳይሰጣቸው ለአንድ ሰው አንድ ቀይ ልብ እየሣሉ ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ ግድግዳ ሞሉ። ቀለሙ ይደበዝዛል፣ በጎ ፈቃደኞች እየመጡ ይደግሙታል። ሃይማኖት የለበትም፣ ግን ልቡ ውስጥ የሚጻፈውን ስታነቡ ያው "እስክንገናኝ" ነው።

እና ከሁሉም የሚገርመኝ ፓሪስ ነው። አልማ ዋሻ አናት ላይ የወርቅ ነበልባል አለ። በ1989 የቆመ ነው፣ ኒው ዮርክ ያለችው የነፃነት ሐውልት ችቦ ነበልባል ቅጂ። በ1997 ልዕልት ዳያና ሥሩ ባለው ዋሻ ውስጥ በደረሰባት የመኪና አደጋ ስትሞት ሰው አበባ ይዞ መጥቶ የሷ አደረገው። ብዙ ቱሪስት ለሷ የተሠራ ይመስለዋል። ስምንት ዓመት ቀድሞ ነበር እኮ!

ባሕረኛው

ሳምሪ፣ ይሄ ጥሩ ነው። ሰው ሐዘኑን የሚያሳርፍበት ሲያጣ ያገኘውን ይወስዳል። አጥር ከሆነ አጥር፣ ነበልባል ከሆነ ነበልባል።

ቃል_ብቻ

ኮረብታና ነበልባል ሲወስድ ነው እኔም የምፈራው :) ግን ኑር_ሐ ያለው ነገር ውስጤ ቀርቷል። በስሙ ውሃ ማስቆፈር። የሟች ስም የሚጠራበት፣ ሟች ግን የማይለመንበት ነገር። እኛም ጋ ቢለመድ ጥሩ ነበር።

ኑር_ሐ

@ቃል_ብቻ አንድ ላይ እናስቆፍራለን ኢንሻአላህ፣ አንተ ግማሹን ክፈል።

እህቱ

@ጽዳት_ሌሊት አንድ ነገር ልጠይቅህ ወንድሜ። ሁለት ጊዜ አንሥተውብኛል። አልተቀየምኩም፣ ሥራችሁ ነው። ግን ሳይነሣ እንዲቆይ ምን ላድርግ?

ጽዳት_ሌሊት

እህቴ፣ በየከተማው ይለያያል፣ እኛ ጋ ያለውን ልንገርሽ።

አበባውን ከፕላስቲኩ አውጪው። አብዛኛውን ጊዜ እንድናነሣ የሚያደርገን እሱ ነው። የምታስሪበትን ነገር የትራፊክ ምልክት ላይ አታድርጊው፤ ያን በግድ ነው የምናነሣው፣ አማራጭ የለንም። የመብራት ምሰሶም ያው ነው። የግል አጥር ካለ ባለቤቱን አስፈቅጂ፤ የግል ከሆነ እኛን አይመለከትም። ሻማውን ክዳን ያለው መስታወት ውስጥ አድርጊ፣ ወይም የባትሪውን ግዢ። ካርድና ፎቶ ከሆነ ኮፒውን እንጂ ዋናውን እዚያ አትተዪ። እና ከኋላው ስልክ ቁጥር ጻፊበት። ቁጥር ካለ ከማንሣታችን በፊት እንደውላለን። ሁሉም ያደርገዋል አልልሽም፣ እኔ ያለሁበት ፈረቃ ያደርጋል።

ስካርፉን በቶሎ የሚያበላሸው ፀሐይ ነው። ጥላ ያለበት በኩል እሰሪው።

ባሕረኛው

የግሪኮቹን ሳጥን አሠሪ ልጄ። መስታወት ያለው። ንፋስም ዝናብም አይነካውም፣ ብረት ሠራተኛ በግማሽ ቀን ይጨርስልሻል።

እህቱ

እሺ ጋሼ። እናቴን ላማክራት። ሥዕሉን እሷ ነች የምትመርጠው።